የሻወር ቤቱ ፋን የት ነው የሚተፋው?

እህቴ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ደሴ ብሎኬት ቤት ነው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥግ ይጠቁራል፣ ኮርኒሱ ይንጠባጠባል፣ ሻወር ቤት እንፋሎት የሚያወጣ ፋን ብታስገጥሚም ለውጥ የለም፣ አሁን አከራይሽ ቆርቆሮው ይቀየር እያለ ነው።

ቆርቆሮውን ለጊዜው ተዉት። ጣሪያ የሚያፈስ ዝናብ ሲዘንብ ነው፣ ያንቺ ግን ዝናብ ባይኖርም ጠዋት ጠዋትና ልብስ ቤት ውስጥ ስታሰጪ ነው የሚብሰው፣ ስለዚ የቤቱ የራሱ እንፋሎት ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል፣ 10 ዲግሪ ላይ ሲወርድ ግን 9 ግራም አካባቢ ነው የሚችለው፣ ትርፉ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ስር 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ማታ ብሎኬቱም ቆርቆሮውም በረዶ ነው። እዚህ ኮምቦልቻ እኛ ጋ ሞቅ ስለሚል እንዲህ አይብስም።

እኔ የጠረጠርኩት ፋኑን ነው። ብዙ ኤሌክትሪሻን ፋኑን ኮርኒስ ላይ ይሰካና ቱቦ ሳያደርግለት ይሄዳል (ሲዞር ድምፁ ስለሚሰማ ማንም አይጠይቅም)፣ እንፋሎቱ በሙሉ ኮርኒስና ቆርቆሮ መሃል ይገባል፣ ማታ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ አከራይሽም አፈሰሰ ይላል። ጠዋት በማለዳ አንድ ሰው በኮርኒሱ መግቢያ ባትሪ ይዞ ይይልሽ፣ የቆርቆሮው ሚስማር ጫፍ ሁሉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ፣ ስሩ ዝጎ፣ ሞራሌው (ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት) ጠቁሮ ካገኘው አለቀ፣ እሱ ነው።

መፍትሄው በ110 ሚሊሜትር ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቱቦ ግድግዳውን በስተው ውጪ ማውጣት ነው፣ ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ፣ ወደ ውጪ ትንሽ ያዘነበለ ይሁን፣ አለበለዚያ ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ተመልሶ ሞተሩ ላይ ይፈሳል። ሻወር ቤትሽ 2 በ2 ቁመቱ 2.5 ከሆነ 10 ሜትር ኪዩብ ነው፣ አየሩ በሰዓት 8 ጊዜ ይቀየር ብንል 80 ይመጣል፣ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 100 ሜትር ኪዩብ የሚል ትንሿ ፋን ትበቃሻለች። የበሩ ስር 1 ወይ 2 ሳንቲም ክፍት ይሁን፣ አየር የሚገባበት ከሌለ ፋኑ የሚስበው የለውም። ከታጠባችሁ በኋላም 15፣ 20 ደቂቃ ይዙር።

መብራት ሲጠፋ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን 10 ደቂቃ በርግደሽ ክፈቺ። እየዘነበ እንዴት ትያለሽ አውቃለሁ፣ ግን የውጪው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ የያዘው ውሃ ትንሽ ነው፣ ገብቶ ሲሞቅ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል። ቁምሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ 10 ሳንቲም አርቂው። ክፍሉን በከሰል ላድርቅ እንዳትዪ ብቻ፣ በተለይ ዘግተሽ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጥቁሩን በረኪና በውሃ አቅጥነሽ መስኮት ከፍተሽ ጥረጊው፣ ከሽንት ቤት አሲድም ከሌላ ማጽጃም ጋር አትቀላቅዪ። ቀለሙ መጨረሻ ነው፣ እርጥብ ልስን ላይ ከተቀባ ተላጦ ይወርዳል፣ ጥቅምት ህዳር ላይ ግድግዳው ሲደርቅ አስቀቢው።