ጥንቸል በስንት ወሯ ትጠቃ? ድሬ ላይ ወር ብቻ አይቆጠርም

አንዲት እህት ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ጻፈችልኝ፣ ጉዳዩ የብዙ ሰው ጉዳይ ስለሆነ መልሱን ሁሉም ያንብበው ብዬ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ 3 ሴትና 1 ወንድ ጥንቸል ገዛች፣ ሻጩ ሁሉም 2 ወራቸው ነው ብሏታል፣ አራቱንም አንድ የሽቦ ቤት ውስጥ አስገባቻቸው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ጠዋት ስትነሳ አንደኛዋ ሽቦው ላይ 3 ወልዳ ሦስቱም ሞተው አገኘች፣ ፀጉር እንኳን አልነጨችላቸውም። ሁለተኛዋን ወንዱ ሲወጣባት በዓይኗ አይታለች፣ ቀን ቆጥራ በ17ኛው ቀን ፀጉሯን እየነጨች ጎጆ ስትሰራ አየችና ሳጥን አስገባችላት፣ ጠበቀች ጠበቀች፣ ምንም የለም። ሦስተኛዋ እስከዛሬ ዝም። "ጎረቤቴ በ4 ወር ይጀመራል ይላል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ዓመት ሳይሞላት አትንኪያት አለኝ፣ ማንን ልስማ? አሁን 6 ወር አልፏቸዋል፣ ድጋሚ ላገናኛቸው ወይ?" ነው ጥያቄዋ።

አቦ እህቴ፣ አሁን አታገናኚያቸው። ሁለቱም መካሪዎችሽ ከእውነቱ ቁራጭ ቁራጭ ይዘዋል ግን ሁለቱም ያንቺን ጥንቸል አላዩዋትም፣ ድሬ ላይ ሆነሽ ደግሞ የሴቷን ወር ብቻ ቆጥረሽ ብትጀምሪ ትከስሪያለሽ።

መጀመሪያ የሞቱትን እንይ። ጥንቸል ምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ነው፣ አንድ ቀን ወዲህ አንድ ቀን ወዲያ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ከወለደች ያረገዘችው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ሻጩ እውነቱን ከነገረሽ አራት ወር ተኩል ብቻ ነበረች። ማርገዝ መቻልና ለመውለድ መድረስ አንድ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ራሷ ገና እያደገች ነው፣ አጥንቷ አልሰፋም፣ የምትበላው ለራሷ ዕድገት ነው ወይስ ለሆዷ ልጅ፣ ወተቷስ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ጥቂት ትወልዳለች፣ ትደነግጣለች፣ ፀጉር መንጨቱንም ትረሳዋለች። እኔ በጀመርኩበት ዓመት እንዲህ ያለች ትንሽዬ ሴት ምጥ ላይ ሞታብኛለች፣ አንዱ ልጅ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ምንም ማድረግ አልቻልኩም፣ ከዚያ ወዲህ ሚዛን ሳልይዝ ሴት አስጠቅቼ አላውቅም።

ሚዛን ያልኩት ለዚህ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፣ ሴቷ ሙሉ ስታድግ ከሚኖራት ኪሎ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ስትይዝ ነው ምትጠቃው። እናቷ 4 ኪሎ ከሆነች ልጅቷ 3 ኪሎ ስትገባ፣ እናቷ 3 ኪሎ ብቻ ከሆነች ደግሞ 2 ኪሎ ከሩብ ላይ። መካከለኛ የሚባሉት እንደ ኒውዚላንድ ኋይትና ካሊፎርኒያ ያሉት በደንብ ከበሉ እዚህ ኪሎ የሚደርሱት ከ5 እስከ 6 ወር ላይ ነው፣ ትንንሾቹ ዝርያዎች ቀደም ይላሉ፣ ትልልቆቹ እስከ 8 እና 9 ወር ይፈልጋሉ። ሰፈራችን ያሉት አብዛኞቹ ክሮስ (ድቅል) ስለሆኑ መጽሐፍ ላይ ያለው ወር አይሰራላቸውም፣ ሻጩም ወሩን በግምት ነው ሚነግርሽ። ባለሱቁ ጋ ሂጂና ዘንቢል ውስጥ አድርገሽ አስመዝኛት፣ የባዶ ዘንቢሉን ቀንሺ፣ በየሁለት ሳምንቱ ደብተር ላይ ጻፊ። ዓመት ጠብቂ ያለሽንም ሰው አትስሚ፣ ሴት ጥንቸል ሳትወልድ ብዙ ከቆየች ሆዷ ውስጥ ስብ ይዛ እምቢ ትልሻለች ወይ ደግሞ የመጀመሪያ ምጧ ይከብዳል፣ መካከለኛዎቹን ከ10 ወር ባታሳልፊያቸው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ፣ የጥያቄሽ ዋናው ነገር ያለው እሷ ጋ ነው። ምን መሰለሽ፣ ጥንቸል እንደ ላምና ፍየል ቀኑን ጠብቃ አይደለም እንቁላል ምታወርደው፣ ወንድ ሲወጣባት ነው፣ ከዚያ በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንቁላሏ ይወርዳል። ወንዱ ወጥቶባት ግን ዘሩ ባዶ ወይም ደካማ ከሆነ እንቁላሉ ይወርዳል፣ የሚያረግዘው የለም፣ ሰውነቷ ግን አርግዣለሁ ብሎ ያምናል። 16 እና 18 ቀን መሀል ላይ ፀጉሯን ትነጫለች ጎጆ ትሰራለች፣ የውሸት እርግዝና ነው። እውነተኛዋ እርጉዝ ፀጉር ምትነጨው መውለጃዋ ሲደርስ ነው። ያንቺዋ በ17ኛው ቀን ነው የነጨችው፣ ስለዚህ የወጣባት ወንድ ላይ ዓይንሽን አድርጊ (ሴት ሴት ላይ ስትወጣም ይኼው ይመጣል፣ አንድ ቤት ላይ አብረው ስላሉ እሱንም አትርሺው)።

ወንዱስ ምን ሆነ? አንደኛ፣ ገና ልጅ ነው፣ ወንድ ጥንቸል በ4 ወሩ መውጣት ይጀምራል ግን ለስራ ሚደርሰው ከ6 እስከ 7 ወሩ ላይ ነው። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው፣ የኛ ከተማ ነገር! ጥንቸል አያልበውም፣ ሙቀት ሚያስወጣው በጆሮውና በትንፋሹ ነው፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲቆይበት ደግሞ ዘሩ ይበላሻል። ግንቦትና ሰኔ ድሬ ላይ ቆርቆሮ ስር ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ይበላል ይጫወታል ይወጣል፣ ዘሩ ግን የለም። ሙቀቱ ሲበርድ ወዲያው አይስተካከልም፣ አዲስ ዘር ተሰርቶ እስኪወጣ 7 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ብዙ ሰው ወንዱን መሀን ነው ብሎ ሚሸጠው ይቺን ሳያውቅ ነው። ግንቦት ላይ አንደኛዋን አስረግዞ ሰኔ ላይ ሁለተኛዋን ያልቻለው ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ምሰራውን ልንገርሽ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ወንዶቹን በማለዳ ሚኒባስ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ የደንገጎን ዳገት አስወጥቼ ሐረር እህቴ ጋ አደርሳቸዋለሁ። መንገዱ 50 ኪሎሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው ግን ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ ሌሊቱ ብቻውን ሌላ አገር ነው። መስከረም ላይ ሲመለሱ ዘራቸው ደህና ነው። ዘመድ ከሌለሽ ደግሞ ቤቱን ከቆርቆሮው አርቂ፣ ጣሪያው ላይ ሰሌን ወይ ወፍራም ገለባ አልብሺ፣ ከሰዓት በኋላ በጎን በኩል ጆንያ አርጥበሽ ስቀዪ፣ ነፋስ ግን አትዝጊበት። ፍሪጅ ካለሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ አቀዝቅዘሽ ቤቱ ውስጥ አጋድሚለት፣ ተደግፎት ሲተኛ ታዪዋለሽ፣ አንጀት ይበላል። ውሃ ማለቅ የለበትም።

ስለዚህ ወርሽ እንዲህ ይሁን፦ ዛሬውኑ ወንዱን ለብቻው፣ ሴቶቹንም አንድ አንድ ቤት ለይያቸው። እስከ መስከረም መጨረሻ አሳርፊያቸው፣ ያኔ 9 ወር ገደማ ይሆናቸዋል፣ ኪሎውን ካሟሉ አስጠቂ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይወልዱልሻል፣ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ብርድ ላንቺ ነው። ስታስጠቂ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሴቷን ወደ ወንዱ ቤት ውሰጃት እንጂ ወንዱን ወደሷ አታምጪ፣ ቤቴን ነካ ብላ ትነክሰዋለች። ቀድመሽ ከጅራቷ ስር እዪ፣ ቀላ ወይ ሐምራዊ መሰል ካለ ትቀበላለች፣ ነጭ ከሆነ ሌላ ቀን። ወንዱ ጨርሶ በጎኑ ሲወድቅ በቃ ተጠቅታለች፣ አውጫትና ቀኑን ጻፊ። በ12ኛውና 14ኛው ቀን መሀል ሆዷን ቀስ ብለሽ ብትዳስሺ እንደ ወይን ፍሬ ክብ ክብ ያለ ነገር ታገኛለሽ፣ እጅሽ ካልለመደ ግን አትጫኚ፣ ተይው።

ሳጥኑን በ28ኛው ቀን አስገቢ፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲም ወርዱና ቁመቱ 30 ቢሆን ይበቃል፣ ከእንጨት ይሁን፣ በቆርቆሮ የተሰራ ሳጥን እዚህ ከተማ ምድጃ ነው። ታቹን በሳ በሳ አድርጊው፣ ንጹህ ድርቆሽ ጨምሪ። ስትወልድ የሰፈር ልጆች እንዳይከቧት፣ ጠዋት አንዴ አይተሽ የሞተ ካለ አውጪ፣ ሆዳቸው ሞላ ካለ ጠብተዋል። ጥንቸል በቀን አንዴ፣ ለደቂቃዎች ብቻ ነው ምታጠባው፣ ስታጠባ አላየኋትም ብለሽ አትረበሺ። በ5 ወይ 6 ሳምንት ጡት አስጥይ፣ 3 ወር ሲሞላቸው ደግሞ ወንድና ሴቱን ለይ፣ ያንቺ ችግር የጀመረው ከዚህ ነውና።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም፣ ድርቆሽና አልፋልፋ ዋናው ነው፣ ፉርሽካ ትንሽ። ገረባ (የጫት ትራፊ) ግን አትስጪ፣ ሰፈር ሁሉ ለፍየል ስለሚሰጠው ለጥንቸልም ሚሆን ይመስላል፣ ጫቱ ላይ መድኃኒት ስለሚረጭ እኔ ቤቴ አላስገባውም።

ሦስተኛዋን ደግሞ ዛሬ ማታ አገላብጠሽ እያት። ሁለት ወር ላይ ወንድና ሴት ለመለየት ላልለመደ ሰው ያስቸግራል፣ አሁን ግን ይታያል፦ ከጅራቱ ስር በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ስትጫኚ ክብ ሆኖ ወጣ የሚል ከሆነ ወንድ ነው፣ ስንጥቅ መስሎ ከታየሽ ሴት ናት። ወንድ ከሆነ ለሁለተኛዋ የውሸት እርግዝና እሱም ሊጠየቅ ይችላል፣ እሱንም ለብቻው ለይው።