ጠበሉም ይሁን፣ ክኒኑም አይቅር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የ17 ዓመት ወንድምሽ ጋንጃ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፣ አሁን ብቻውን ያወራል፣ ጎረቤት ይከታተለኛል ይላል። ቤተሰቡ ግማሹ «ሲተወው ይለቀዋል»፣ ግማሹ «ጠበል ይወሰድ» እያለ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ታናሽ ወንድሜን እዚሁ ደብረ ብርሃን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ።

የኛም በ16 ዓመቱ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ትምህርት ጠላ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቴሌቪዥኑን በጋቢ ሸፍኖ፣ ሲም ካርዱን ቆርጦ የሽሮ ዕቃ ውስጥ ከቶት አገኘሁት። «ይሰሙናል፣ ቀስ ብለህ አውራ» አለኝ በሹክሹክታ። እናታችን ቡዳ ነው አለች። እኔም ያልፍለታል ብዬ ዝም አልኩ። ስምንት ወር እንዲሁ ሄደ። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ያ ስምንት ወር ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ሕመም ሳይታከም በቆየ ቁጥር ለመዳን ያስቸግራል።

ጋንጃው ነው ወይ ያሳመመው ላልሽው፣ በኋላ ሐኪም ቤት ስንወስደው ሐኪሙ እንዲህ ነው ያስረዳኝ። ጋንጃ ውስጥ የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ነው፣ ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማትም የሚያመጣው እሱ ነው። ሲቢዲ የሚባለው ሌላው ንጥረ ነገር አያሰክርም፣ እንዲያውም ለዚሁ ሕመም ይረዳ እንደሆነ እየተጠና ነው። (ይህን ይዞ «ጋንጃ መድኃኒት ነው» የሚለው ጓደኛ አይጠፋም። አትስሚው፣ የሚያጨሰው ቲኤችሲ ያለበትን ነው።) የአንጎል የፊት ክፍል፣ ነገር የምንመዝንበትና ራሳችንን የምንገታበት፣ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ገና እየበሰለ ነው፤ ቲኤችሲ ደግሞ የሚገባው በዚያ ሥራ መሀል ነው። በፈረንጆቹ 1987 በታተመ የስዊድን ጥናት 45,000 ያህል ለውትድርና የተመለመሉ ወጣቶችን ለ15 ዓመት ተከታትለው፣ ቀድሞ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት በስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ጥርጣሬ የሚያመጣ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ሌሎች ምክንያቶች ታስበው ቁጥሩ ቢወርድም ልዩነቱ አልጠፋም። የሚያጨስ ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም። በዘር የአእምሮ ሕመም ካለ፣ በልጅነት ከተጀመረና በየቀኑ ከሆነ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እኛም ጻድቃኔ ማርያም ወስደነዋል። አልጸጸትም፣ እዚያ ሳለ አላጨሰም፣ እናቴም ልቧ አረፈ። የተሳሳትነው ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ማቋረጣችን ነው። በሁለተኛው ወር ከፊተኛው ብሶ አገረሸበት። ጠበሉና ክኒኑ አይጋጩም፣ ለካህኑም በግልጽ ንገሯቸው። ደግሞ በምንም ምክንያት በገመድም ሆነ በሰንሰለት አትሰሩት።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። መጀመሪያ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የዚህን ሕመም መድኃኒት ሲጀምር በሁለተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ተጠምዞ ቀረ፣ ዓይኑም ወደ ላይ ተሰቀለ። እናቴ «መንፈሱ ወጣ!» ብላ ጮኸች። ለካ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ይዘነው ስንሮጥ አንድ መርፌ ወጉትና ብዙም ሳይቆይ ተስተካከለ። ስለዚህ እንዲህ ቢሆን ምን ላድርግ ብለሽ ከመጀመሪያው ጠይቂ። በኋላ ክኒኑን ምላሱ ሥር እየደበቀ መጣሉን ስንደርስበት በወር አንዴ ወደሚወጋው መርፌ ቀየሩለት፣ ያ ነው ያዳነን። ደህና ሆኛለሁ ቢል እንኳ ሐኪሙ ሳይል አይቋረጥ፣ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይቀጥላል። ጋንጃውንም ካልተወ ቶሎ ያገረሻል። ጫትም ያው ነው።

«ማንም አይከታተልህም» እያልሽ አትሟገቺው፣ አንቺንም ከሚከታተሉት ይቆጥርሻል። ራሴን ወይ ሰው እጎዳለሁ ካለ ግን ሳታሳድሩ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ውሰዱት። አልታመምኩም፣ አልሄድም ማለቱ አይቀርም። እኛ «እንቅልፍ አጥተሃል፣ ለእሱ እንታይ» ብለን ነው የወሰድነው፤ ውሸትም አልነበረም፣ ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበር።