ጥያቄና መልስ፦ በባና የተጠቀለለው መድኃኒት

«ናኖ» የሚለው ቃል መንዝ ድረስ ዘልቋል መሰለኝ፤ መድኃኒትን በጣም ጥቃቅን ቅንጣት ውስጥ ጠቅልሎ ስለመስጠት ነው፤ የሰሞኑ ጥያቄ ሁሉ እሱ ነው።

ከመሐል ሜዳ አንዲት እናት በገበያ ቀን «ናኖ ነው» ተብለው የማዲያት ቅባት ገዝተዋል። ልቀባው ወይ?

የአምራቹ ስምና የማብቂያው ቀን ከሌለበት አይቀቡት፣ እማማ። ብሩን ይርሱት።

ከደብረ ብርሃን አንድ ተማሪ፦ ናኖ ምን ያህላል? ናኖ መድኃኒትን ሰውነት ውስጥስ ማን ይመራዋል?

ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የጸጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ መድኃኒት ተሸካሚዎቹ ብዙውን ጊዜ በ100 አካባቢ ናቸው። መሪ የላቸውም፤ ደም ነው ይዟቸው የሚዞር። ቀጥሎ ያለውን አንብብ።

ከሸዋሮቢት የጻፉልኝ ሰው ወንድማቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ከስቶ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ ተመለሰ። ካላዛር (ጣፊያና ጉበት የሚያጠቃ የተውሳክ በሽታ) ተባለ፤ ኤችአይቪም አለበት። «ጓደኛው 17 ቀን መርፌ ተወጋ፤ ለእሱ ግን ቢጫ ነገር በጉሉኮስ ያንጠባጥቡለታል። ድሃ ስለሆነ ነው?»

ኧረ በፍጹም! ኤችአይቪ ስላለበት ነው የተመረጠለት። ቢጫው አምፎቴሪሲን ቢ ነው። መድኃኒቱ ራሱ አሮጌ ነው፤ ራቁቱን ሲሰጥ ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ስለዚህ ሊፖሶም በሚባል የስብ ቅንጣት ጠቀለሉት፤ የመንዝ ሰው በባና እንደሚጠቀለለው። ሊፖሶምን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም ነው።

ቅንጣቱ ግን ዒላማ አይቶ የሚሄድ ቀስት አይደለም። ሰውነት እንደ ባዕድ ስለሚያየው የጉበት፣ የጣፊያና የመቅኔ ጠራጊ ሕዋሳት ይውጡታል። ለካንሰር ተመራማሪዎች ይህ ራስ ምታት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ በእንስሳት ከተወጋው ወደ ዕጢው የሚደርሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ነው ብሏል። የካላዛር ተውሳክ ግን የሚኖረው እነዚያው ጠራጊዎች ውስጥ ነው! ሌባው ጎተራ ውስጥ ተደብቋል፤ መድኃኒቱም እህል መስሎ ገባ።

ሕንድ ውስጥ በኪሎ 10 ሚሊግራም አንዴ ተሰጥቶ ብዙዎችን ያድናል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ድምሩ እስከ 30 ይደርሳል። ስለዚህ ትኩሳቱ በረደ ብሎ አልጋውን ጥሎ እንዳይወጣ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት መድኃኒት ቤት አንድ ወጣት ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ከእጄ ወስዷል። «የት ከርመህ መጣህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ሁመራ ነበር፤ እሱም እንደ መተማ ካላዛር ያለበት ቆላ ነው። ከመተማም ከሁመራም ተመልሶ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው፣ ሳይጠየቅ ቆላ መክረሙን ለሐኪሙ ይናገር። ሆስፒታል ይሂድ፤ እኔ ዘንድ ደብዳቤ አይጻፍ።

የአክስታቸው የካንሰር ሕክምና ያሳሰባቸው አንባቢ፦ ውጭ ያለ ዘመድ «በሊፖሶም የተሠራውን ዶክሶሩቢሲን ልላክ» ይላል።

አይላክ። ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ለልብ ይራራል፣ መዳፍና ውስጥ እግርን ግን ይልጣል። ከተለመደው ጋር መጠኑ አንድ አይደለም፤ አንዱን በሌላው መተካት ሰው ይገድላል። የሚወስነው የካንሰር ሐኪሟ ብቻ ነው። ደግሜ እላለሁ፦ ሐኪሟ ብቻ።

ከአንኮበር፦ የፋይዘር የኮቪድ ክትባት በስብ የተጠቀለለ ነው ይባላል፤ ጾም ያስገድፋል?

በስብ መጠቅለሉ እውነት ነው። ለቀረው የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ ፋርማሲስት ነኝ።