ሁለት ድራማ በአንድ ሰዓት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና አማቴ አብረውኝ አሉ። አማቴ ዘወትር ረቡዕ ማታ 2:30 የሚተላለፈውን ተከታታይ ድራማ ከጀመረ አንሥቶ አንድም ክፍል አምልጧቸው አያውቅም። እኔ የምከታተለው ድራማ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ወደዚያው ቀንና ሰዓት ተዛወረ። ያለን አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ሪሲቨርና አንድ ዲሽ ነው። ሪሞቱን ከእማማ እጅ መቀበል አልችልም፤ አልፈልግምም። ሪሲቨሩ ፍላሽ ስለሚቀበል ባለፈው ረቡዕ እንዲቀዳልኝ 2:30 ብዬ ሞላሁ፤ በማግስቱ ስከፍተው ያገኘሁት ግን የሌሊት ድጋሚ ዜና ነው። ምን ላድርግ? ደግሞስ የሰው ሥራ መቅዳት አይከለከልም?

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እኅታችን፣ ሪሲቨርዎ አልተበላሸም፤ የተለያያችሁት በሰዓት አቆጣጠር ብቻ ነው። ሪሲቨር ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ሰዓት ስለሚቆጥር፣ የእኛ ማታ 2:30 ለእርሱ 20:30 ሲሆን፣ እርስዎ የሞሉት 2:30 ደግሞ ከሌሊቱ 8:30 ሆኖበት በዚያ ሰዓት ያገኘውን ቀድቶ አስቀመጠልዎት። ስለዚህ ከማታው 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለውን ሲሞሉ በእኛ ሰዓት ላይ 18 ይደምሩ። አስቀድመው ግን በሰዓት ማስተካከያው ውስጥ የሰዓት ቀጠናው +3 መሆኑን ያረጋግጡ፤ እርሱ ከተዛባ ቀሪው ሁሉ ይዛባል። ድራማዎች አንዳንድ ጊዜ ዘግይተው ስለሚጀምሩም መጨረሻውን 15 ደቂቃ ያህል ማስረዘም ይበጃል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሪሲቨርዎ በአንድ ጊዜ መቀበል የሚችለው አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ከሆነ፣ እማማ የሚያዩትን ሳይነኩ የእርስዎን መቅዳት የሚቻለው ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉ ነው። በኢትዮሳት ብዙ ጣቢያዎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሚጋሩ ተስፋ አለዎት። ሁለቱንም ጣቢያዎች በየተራ ከፍተው ሪሞቱ ላይ «ኢንፎ» የሚለውን ይጫኑ፤ የሚወጣው የፍሪኩዌንሲ ቁጥርና አጠገቡ ያለው ፊደል (V ወይም H) ከተመሳሰለ ሌላ ዕቃ መግዛት ላያስፈልግዎት ይችላል። ካልተመሳሰለ ግን ቅጂው በጀመረበት ቅጽበት የእማማ ድራማ ይቋረጣል፤ ይህን በረቡዕ ማታ ከመማር ሰኞ መማር ይሻላል።

የማይመሳሰል ከሆነ ሁለተኛ ሪሲቨር ያስፈልግዎታል። በዚህ ጊዜ አንዱን ገመድ በርካሽ ማካፈያ ለሁለት እንዳያስከፍሉ አደራ እላለሁ። ሪሲቨሩ ዲሹ ፊት ለተገጠመው መቀበያ (ለኤልኤንቢው) 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ቨርቲካሉን (V) ወይም ሆሪዞንታሉን (H) ሞገድ ስለሚያስመርጥ፣ ሁለት ሪሲቨሮች በአንድ መስመር የተለያየ ነገር ሲጠይቁ አንደኛው ምስል ያጣል። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ያስገጥሙ፤ ዲሹ ያው አንዱ ይበቃል።

ፍላሹ ባዶና ፈጣን ይሁን፤ ጥራቱ ከፍ ያለ ስርጭት በሰዓት ከ2 እስከ 3 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል። ሪሲቨሩ ራሱ ነቅቶ እንዲቀዳ ከፈለጉ በሪሞት ያጥፉት እንጂ ሶኬቱን አይንቀሉ። መብራት ከጠፋ ግን ቅጂው የለም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጣቢያዎች የሚያስተላልፉትን ድጋሚ ስርጭት ይጠብቁ፤ ወይም ጣቢያው በራሱ የዩቲዩብ ገጽ ክፍሉን የሚጭን ከሆነ በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል በዝቅተኛ ጥራት ይመልከቱት።

ስለ ሕጉ የጠየቁት ያስመሰግንዎታል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው ብቻ አንድ ቅጂ ማድረጉን አይከለክልም። በአሜሪካም ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ መቅጃ አንዱን ፕሮግራም እያዩ ሌላውን ለመቅዳት እንደሚያገለግል ሲያስተዋውቅ ተከሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በ5 ለ4 ድምፅ ፈርዶለታል፤ የእርስዎ ችግር እዚያ ድረስ ሄዷል ማለት ነው። የቀዱትን በቴሌግራም መበተን ግን ፍጹም ሌላ ጉዳይ ነው። ተዋናዩም፣ ደራሲውም፣ የካሜራ ባለሙያውም የሚኖሩት ከዚህ ሥራ ነውና እባክዎን ቅጂው ከቤትዎ አይውጣ።

የትኛው በሰዓቱ ይታይ ለሚለው፣ እኔ የእማማ ይሁን ባይ ነኝ። ለእርሳቸው ረቡዕ ማታ 2:30 ከድራማው በላይ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ የሚያወሩት እርሱን ነው። የእርስዎን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ቢያዩት አይጎድልብዎትም፤ የሥራ ባልደረቦችዎን ብቻ «እኔ ሳላይ እንዳትነግሩኝ» ብለው ያስጠንቅቁ። ዛሬውኑ ግን በማንኛውም ፕሮግራም ላይ የ10 ደቂቃ ሙከራ ያድርጉና እስከ ረቡዕ የሚታረመውን ያርሙ።