«በነጻ የተቀበልኩትን እንዴት በደመወዝ እሰጣለሁ?»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት በነርሲንግ ሆም የነርስ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። አገር ቤት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። በሥራ ቦታም በሰፈርም ሰዎች የልባቸውን ያጫውቱኛል፤ እኔም ዝም ብዬ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ ሲፈልጉም አብሬያቸው እጸልያለሁ። ሰዎችን በመንፈሳዊ ሕይወታቸውና በግል እድገታቸው በፍቅርና በልግስና ማገልገልን ሙያዬ ላደርገው እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ የሕይወት አሠልጣኝ ነኝ ብለሽ በሰዓት አስከፍዪ ይሉኛል፤ በነጻ የተቀበልኩትን መሸጥ ግን ይከብደኛል። ሁለት ልጆች ስላሉኝ ደግሞ ደመወዝ ያስፈልገኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ዐይኔ ያረፈው «ዝም ብዬ አብሬያቸው እቀመጣለሁ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሰውን በመንፈሱ ማገልገል እፈልጋለሁ ብለው ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ስለሚያስተምሩትና ስለሚመክሩት ነገር ነው፤ ስለ ዝምታቸው የነገሩኝ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ተሰጥኦው እንዳለዎት አልጠራጠርም። ጥያቄው ይህ ተሰጥኦ ሰውን ሳይጎዳ፣ የእርስዎንም ቤት ሳያስርብ ሊያድግ የሚችለው የት ነው የሚለው ነው። የእኔ መልስ ሆስፒታልና ሆስፒስ፣ ማለትም የመዳን ተስፋ የሌላቸው ታማሚዎች እስከ ዕረፍታቸው የሚታገዙበት አገልግሎት፣ ነው፤ ሙያው እዚህ አገር ቻፕሊን ይባላል፤ የታወቀ ሥልጠናና ደመወዝ ያለው የመንፈሳዊ አገልጋይ ሥራ ነው።

ጓደኞችዎ ያሳዩዎትን መንገድ አላጥላላም፤ በቅን ልብ የሚሠሩ የሕይወት አሠልጣኞች አሉ፤ ዓለም አቀፉ የአሠልጣኞች ፌዴሬሽንም ለመጀመሪያው ደረጃ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሥራው በሕግ ፈቃድ ስለማይጠየቅበት ማንም ሰው ዛሬ ተነሥቶ አሠልጣኝ ነኝ ሊል ይችላል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ከማን እጅ እንደሚወጣ ነው። ልቧ የተሰበረ ሴት በየሳምንቱ እየከፈለችዎ የምትመጣ ከሆነ፣ እርስዎ ምንም ያህል ለጋስ ቢሆኑ፣ የልጆችዎ የቤት ኪራይ በእርሷ ሐዘን ላይ ይንጠለጠላል። «አሁን ድነሻል፤ ከእንግዲህ አትምጪ» ማለት ቀስ በቀስ እየከበደ ይሄዳል። በቻፕሊንነት ግን የሚከፍልዎት ተቋሙ ነው፤ ታማሚው ስለ ጉብኝትዎ ለብቻው ሒሳብ አይመጣበትም። በሆስፒስ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1982 እ.ኤ.አ. የሆስፒስ አገልግሎትን በሜዲኬር፣ ማለትም በተለይ ለአረጋውያን በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ውስጥ ካካተተ ጀምሮ ተቋሙ የሚከፈለው በቀን ተመን ነው፤ መንፈሳዊ ምክርም ሆስፒሱ እንዲያቀርብ ከሚገደድባቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። ሐዘንተኛው እጁን ወደ ኪሱ ሳይሰድ እርስዎ ደመወዝዎን ያገኛሉ ማለት ነው።

በነጻ የተቀበሉትን በነጻ ስጡ የሚለው የወንጌል ቃል እንደሚከብድዎት ይገባኛል፤ ሊከብድዎትም ይገባል። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከጥቂት መስመሮች በኋላ፣ ሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ተጽፏል። ሁለቱን ቃላት አብረው ያንብቧቸው። ጸጋው አይሸጥም፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በሚሞት ሰው አልጋ አጠገብ የተቀመጠች እናት በማግስቱ ለልጆቿ ቁርስ ማቅረብ አለባት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ የቅርብ ሰዎች ከተሰበሰቡ በኋላ ነው፤ ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዲሰማ አይደረግም። እዚህ ግን ሐኪሙ ከባዱን የምርመራ ውጤት በቀጥታ ለታማሚዋ ይነግራታል፤ ልጆቿ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «እባክዎን ለእርሷ አይንገሯት» ብለው ይለምናሉ። ሐኪሙ የልጆቹን ልመና እንደ መደበቅ ያየዋል፤ ልጆቹ የሐኪሙን ግልጽነት እንደ ጭካኔ ያዩታል፤ እናትየዋም ሁሉንም ጠርጥራ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጥሩ ቻፕሊን በዚህ መካከል ገብቶ ለማንም አይፈርድም፤ ታማሚዋን ራሷን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማንስ እንዲነገርልዎ ይወዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማውንም በፈቃዷ ለሕክምና ቡድኑ ያቀርባል። ይህን ጥያቄ በአማርኛ፣ በእናት ወግ፣ «እማዬ» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሰው በአካባቢያችሁ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በሕጉ ደግሞ ሆስፒሱ ታማሚው ካረፈ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ቤተሰቡን በሐዘኑ መደገፍ አለበት። የሕጉን አንቀጽ መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ ሙት ዓመት ትዝ ብሎኝ ረጅም ጊዜ አሰብኩበት፤ አርባው ወጥቶ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የሟች ቤት ጸጥ ሲል፣ ስልክ የሚደውል ሰው በሥራ ድርሻው ተመድቧል ማለት ነውና።

ሥልጠናው ክሊኒካል ፓስቶራል ኤዱኬሽን፣ በአጭሩ ሲፒኢ ይባላል። አንዱ ዩኒት 400 ሰዓት ነው፤ ሙሉ የሙያ ማረጋገጫ ለማግኘት አራት ዩኒትና በሥነ መለኮት ወይም በተቀራራቢ መስክ የማስተርስ ዲግሪ ይጠየቃል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ የመጀመሪያውን ዩኒት ሥራ ሳይለቁ በማታና በቅዳሜና እሑድ ለወራት ዘርግተው የሚሰጡ ቦታዎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሬዚደንሲ የሚባል የአንድ ዓመት የሥራ ላይ ሥልጠና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሠልጣኙ የሚከፈል አበል አለው። ትምህርቱ በ1925 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል በአንቶን ቦይሰን የተጀመረ ነው። ቦይሰን ራሱ ቀደም ሲል በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ አገልጋይ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ መጻሕፍትን ብቻ ሳይሆን ታማሚውን ራሱን እንደ ሕያው መጽሐፍ እንዲያነቡ ይፈልግ ነበር።

ከሥልጠናው ሁሉ ቨርባቲም የሚባለው ልምምድ እርስዎን ይፈትንዎታል፤ ይጠቅምዎታልም። ከታማሚው ጋር ያደረጉትን ንግግር፣ የራስዎን ቃልና የእርሱን ቃል፣ ዝም የተባለበትን ቦታ ሳይቀር፣ ስሙን ሰውረው ከትውስታዎ በጽሑፍ ያሰፍሩና በቡድኑና በአስተማሪው ፊት ያነባሉ። እነርሱም «እዚህ ላይ እያለቀሰች ሳለ ለምን ወደ ጸሎት ቸኮሉ? ዕንባዋ የከበደው ለእርሷ ነው ወይስ ለእርስዎ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ በፍቅር ስም ብዙ እንቸኩላለን፤ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» የምንለው አንዳንድ ጊዜ ሐዘንተኛዋን ለማጽናናት ሳይሆን ራሳችን ከሐዘኗ ለማምለጥ ነው። ልግስና ያለ ተቆጣጣሪ ዐይን ሲሠራ ለጋሹን ብቻ የሚያጠግብ እንደሚሆን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሲፒኢን አጥብቄ የምመክርዎ ከምስክር ወረቀቱ በላይ ለዚህ ነው።

ከወዲሁ ሊያውቋቸው የሚገቡ ድንበሮች አሉ። ንስሐ መቀበልና መፍታት የካህን ነው፤ ኦርቶዶክሳዊ ታማሚ ሲጠይቅዎ የነፍስ አባቱን ወይም በአቅራቢያ ያለ ካህን ማስጠራት የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ቻፕሊን የሚያገለግለው የራሱን ቤተ እምነት ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ሙስሊሙንም፣ ፕሮቴስታንቱንም፣ እምነት የለኝም የሚለውንም በእርሱ መንገድ ይሰማል፤ ሰውን ወደ ራስ እምነት መሳብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ይህን ከልብዎ ካልተቀበሉት ሥራው ለእርስዎ አይሆንም፤ በግልጽ የምነግርዎም ስለማከብርዎ ነው። አማርኛ ስለሚችሉ ሐኪሙ «እስኪ አስተርጉሚልን» ሊልዎ ይችላል፤ የሕክምና ስምምነት በሚፈረምበት ጊዜ ግን የሠለጠነ አስተርጓሚ እንዲጠራ ይጠይቁ። ታማሚ ጠበል ይዞ መድኃኒቱን ሲተው ካዩ ደግሞ ሁለቱን አያጋጩ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸውን ያስታውሱ፤ ለነርሷም ሳይዘገዩ ያሳውቁ። በማኅበረሰባችን ሁሉም ሰው በሁሉም ሰው እድር ውስጥ ስላለ፣ በታማሚው ክፍል የሰሙት ነገር በጽዋ ማኅበር ላይ በፍንጭ እንኳ እንዳይወጣ በጥብቅ ይጠንቀቁ።

የቤተ ክርስቲያንዎ ድጋፍ ለሙያ ማረጋገጫው ስለሚያስፈልግ፣ ከአስተዳዳሪው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ሥራው በጀመሩበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የትርፍ ሰዓት ወይም የሌሊት ተረኝነት እንደሚሆን አስልተው፣ ልጆችዎን የሚይዝ ሰው ሳያገኙ አሁን ያለዎትን ሥራ አይልቀቁ።

መጀመሪያ የሚያንኳኩት በር ቀላል ነው። የፌዴራሉ ደንብ ሆስፒሶች ከታማሚ እንክብካቤ ሰዓታቸው ቢያንስ 5 በመቶ የሚሆነውን በበጎ ፈቃደኞች እንዲሸፍኑ ስለሚያዝ፣ በጎ ፈቃደኛ የማይፈልግ ሆስፒስ አያገኙም። በአካባቢዎ ወዳለው ደውለው የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪውን ይጠይቁ፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሦስት ወር ይቀመጡ፤ አማርኛ ተናጋሪ ታማሚ ካለ እንዲመድቡዎ ይንገሯቸው። በእነዚህ ወራት ልብዎ እየሰፋ ከሄደ ለመጀመሪያው ዩኒት ያመልክቱ። ማመልከቻው የሕይወት ታሪክዎን በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ረቂቁን በአማርኛ ጽፈው ይላኩልኝ፤ አንብቤ ሐሳቤን እጽፍልዎታለሁ።