መልስ፦ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ሴቶች ባንክ መምራት ይችላሉ?

እህቴ፣ «ያልተማሩ የገጠር ሴቶች የራሳቸውን ባንክ ማቋቋም ይችላሉ ወይ?» ብለሻል። አዎ፣ ይችላሉ። የህንዱን ማን ዴሺ ባንክ ልንገርሽ።

ባንኩ ያለው በማሃራሽትራ ግዛት፣ ድርቅ በሚያጠቃት ምሃስዋድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። መነሻው አንዲት ብረት ቀጥቃጭ ናት። ክረምት ሳይገባ ለጎጆዋ ላስቲክ መግዣ ልትቆጥብ ብትጠይቅ ባንኮቹ «ገንዘብሽ ትንሽ ነው» ብለው መለሷት። ቼትና ሲንሃ የተባለች የመብት ታጋይ ይህን ስትሰማ የራሳቸውን ባንክ እንዲያቋቁሙ የአካባቢውን ሴቶች አሰባሰበች። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ ግን የፈቃድ ማመልከቻቸውን ውድቅ አደረገው። ብዙዎቹ የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነበራ!

ከዚህ በኋላ ያለውን በጣም ነው የምወደው። ሴቶቹ ማንበብና መጻፍ ተማሩና ከወራት በኋላ ተመልሰው ሄዱ። ባለሥልጣናቱንም «የፈለጋችሁትን የገንዘብ መጠን ጥቀሱልን፤ ወለዱን ያለ ካልኩሌተር እናሰላለን። እናንተም አስሉ፣ ማን እንደሚቀድም እንይ» አሏቸው። ባንኩ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ።

አሠራሩም ኑሯቸውን ያወቀ ነው። አትክልት ሻጭ መደቧን ጥላ ባንክ ቤት ልትሰለፍ አትችልም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ያለችበት ድረስ ሄደው የዕለት ቁጠባዋን ይቀበሏታል። የቁጠባ ደብተር ቤት ካለ ባል ያያል፣ ገንዘቡንም ይጠይቃል ብለው ሴቶቹ ሲናገሩ ደግሞ በደብተሩ ፋንታ ካርድ መጣላቸው።

የእናንተ ሰፈር ሴቶች እቁብ የሚጥሉ ከሆነ ስሌቱን አያጡትም። አንቺ መዝገብ አያያዙን በማስተማር ጀምሪ።