ባትሪ ሲቀልጥበት የነበረ ግቢ ምን ይተከልበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የተከራየነው ግቢ ውስጥ ከእኛ በፊት የመኪና ባትሪ ይጠገን ነበር። እርሳስም ያቀልጡ ነበር አሉ። ጥጉ ላይ ሣር እንኳ አይበቅልም። የማዕድን ማውጫ መሬት ላይ መርዙን መጥጠው የሚያወጡ ቁጥቋጦዎች ይተከላሉ ሲባል ሰማሁ። የሚያምር ነገር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የቱን ልትከል? ትንንሽ ልጆች አሉኝ።
የሽምብጧ

መልስ፦ እህቴ፣ "መጥጦ ያወጣል" የሚለውን ተስፋ ተዪው። እርሳስ አፈሩ ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚቀር ነገር ነው። በቁጥቋጦ ይጽዳ ካልን የልጅ ልጆችሽም አያዩትም። ማዕድን መሬት ላይም ቁጥቋጦ የሚተከለው በአብዛኛው አፈሩ በንፋስ እንዳይቦን፣ በጎርፍ እንዳይታጠብ ነው። ላንቺም የሚያስፈልግሽ ይኸው ነው። ልጆቹን የሚያሰጋቸው አቧራው ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ጠራርጎ ወደ ጣና ይወስደዋል።

የኔ ምርጫ ክትክታ ነው። አትሳቂ! ማገዶና መጥረጊያ ብለን ናቅነው እንጂ ሜክሲኮ ውስጥ የማዕድን ዝቃጭ ክምር ላይ ሲበቅል ተገኝቷል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። አበባው እዚህ ግባ አይባልም። ፍሬው ግን ወረቀት የመሰለ ክንፍ አለው፤ ሮዝ መልክ ሲይዝ ቁጥቋጦው በሙሉ ያበበ ይመስላል። ከከረከምሽው ደግሞ ጥሩ አጥር ይወጣዋል።

ችግኝ ሻጮች ኦሊያንደር የሚባለውን ባለ አበባ ቁጥቋጦ ውሰጂ ሊሉሽ ይችላሉ። ጥንካሬውን አልክድም። ስፔን ውስጥ ሪዮ ቲንቶ የሚባል፣ በመዳብ ማዕድን አካባቢ የሚያልፍ ወንዝ አለ፤ ውኃው ቀይና አሲድ ነው፣ ኦሊያንደር ግን ዳሩ ላይ ይበቅላል። ሆኖም ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው። ልጅ ባለበት ግቢ አይሆንም። የወፍ ቆሎም ይቅርብሽ፤ ወፎች ዘሩን እየበተኑት የጎረቤቱን ሁሉ መሬት ይወርራል። አኻያ ዓባይ ዳር በነፃ ይገኛል ብለሽ ቅርንጫፍ እንዳትቆርጪ። እሱ ካድሚየምና ዚንክ የሚባሉ ብረቶችን ከአፈሩ ወደ ቅጠሉ ያወጣል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ተመልሶ ግቢሽ ውስጥ ነው።

አፈሩን የባትሪው አሲድ አኮምጥጦታል፤ እርሳስ ደግሞ በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ይላቀቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የግብርና ኖራና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅይበት። ስትቆፍሪ ውኃ ረጭተሽ ይሁን፣ ልጆቹም አይኑሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹሕ አፈር ጨምሪና ሰኔ መጨረሻ ላይ ትከዪ። በችግኞቹ መካከል ባዶ መሬት አትተዪ፤ ጠጠር ወይም ገለባ አልብሺው። አበባ ካማረሽ ጽጌረዳውን ንጹሕ አፈር በሞላ ባልዲ አሳድጊ። ወጪውን አከራይሽ ቢጋራ ምን አለበት? መሬቱ የሱ ነው።

ጎመንና ካሮት እዚያ ጥግ እንዳይሞከር። የተከረከመውን ቅርንጫፍም ለማገዶ አታውዪው፤ ለበግም አትስጪ። ልጆቹን ደግሞ አንድ ቀን ሐኪም ጋ ወስደሽ የግቢውን ታሪክ ንገሪው።